ጣፋጭ በኢስታንቡል፦ ገንዘብ ሳይባክን፣ ሆድ ሳይታወክና ጾም ሳይገደፍ ለመቅመስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ለንግድ ላሌሊ ወደተባለው የኢስታንቡል የገበያ ሠፈር የሚሄዱ ወይም በረራ ለመቀየር ኢስታንቡል የሚያድሩ ወገኖቻችን ስለ ከተማዋ ጣፋጮች የሚያሰሙት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። አንዱ በገባበት የመጀመሪያ ሱቅ ሁለት ኪሎ ገዝቶ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያንኑ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ያገኘዋል። ሌላው አንድ ጊዜ ተቀምጦ አራት ዓይነት ያዝዝና ከሁለተኛው በኋላ ከስኳር በቀር ምንም መለየት ያቅተዋል። ጾመኛው ደግሞ የበላው ነገር ወተት እንደነበረበት የሚያውቀው ከበላው በኋላ ነው። እኔም በአንድ ዓቢይ ጾም ለእናቴ ሁለት ኪሎ ባቅላቫ (ስስ ሊጥ ተደራርቦ፣ መሐሉ እንደ ፒስታሺዮና ዋልነት ያለ ለውዝ መሰል ፍሬ ገብቶበት የስኳር ሽሮፕ የጠጣ ጣፋጭ) ተሸክሜ ገብቼ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ለጎረቤት ልጆች ሲከፋፈል አይቻለሁ። ስጦታውን ስመርጥ ቅቤ እንዳለበት ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቅደም ተከተሉ ነው። መጠየቅ ይቀድማል፣ መቅመስ ይከተላል፣ መግዛት የመጨረሻው ቀን ሥራ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ይከተሉ።

1. ከመውጣትዎ በፊት ይዘጋጁ

ቀኑን ይመልከቱ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የአጽዋማት ወቅት ከሆነ በቀጥታ ደረጃ 6ን ያንብቡ፤ ከደረጃ 4 እና 5 ውስጥ የሚጠቅምዎት ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። የኢስታንቡል ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆነ የሰውነትዎ ልማድ አይዛባም፤ ይሁን እንጂ እዚያ 15፡00 የሚባለው የእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ያስታውሱና እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ ከሆነ ጉዞዎን ከዚያ በኋላ ያድርጉት።

በባዶ ሆድ አይውጡ። ከጣፋጩ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው በቀይ ጋሪ ከሚሸጠው ሲሚት የተባለ ሰሊጥ የለበሰ ክብ ዳቦ አንድ ይብሉ። ዋጋው ቀላል ነው፣ ሆድ ይይዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅቤና ወተት አይገባበትም። ከጎኑ የሚደረደሩት አችማ እና ፖአቻ ግን ለስላሳ የሆኑት በቅባት፣ በወተት ወይም በእንቁላል ስለሆነ ለጾመኛ አይሆኑም።

የሚከተሉትን ይያዙ፦ እርጥብ ሶፍት፣ ክዳን ያላት ትንሽ ሳሕን፣ ውሃ፣ የትራንስፖርት ካርድ የሆነውን ኢስታንቡልካርት፣ ስልክዎ ላይ ወይም ወረቀት ላይ የተጻፉ የቱርክኛ ቃላት። ሳሕኗ ከምንም በላይ ትጠቅማለች፤ የተረፈውን ቁራጭ ይዘው ማታ ከሌላ ሱቅ ዕቃ ጋር ማነጻጸር የሚችሉት በእሷ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የስኳር ሕመም ያለብዎ ከሆነ በቀን ምን ያህል መቅመስ እንደሚችሉ ከመጓዝዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ መድኃኒትዎንና የመለኪያ መሣሪያዎንም በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የፒስታሺዮ፣ የዋልነትና የመሳሰሉት ለውዝ መሰል ፍሬዎች አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ከዚህ ከተማ ጣፋጮች አብዛኞቹን መተው ይኖርበታል፤ አንዱን ዓይነት በቆረጠ ቢላዋ ሌላውንም ይቆርጣሉና «ይሄኛው የለበትም» በሚል መልስ ብቻ አይተማመኑ።

2. እነዚህን ቃላት ይያዙ

ብዙ ሻጮች እንግሊዝኛም ዐረብኛም ይሞክራሉ፤ ስለ ይዘት ሲጠየቁ ግን በቱርክኛ የተጠየቁትን ያህል በጥንቃቄ አይመልሱም። ጥያቄው አጭር ይሁን።

- «ሱት ቫር ሚ?» ወተት አለው? «ቴሬያዪ ቫር ሚ?» ቅቤ አለው? «ዩሙርታ ቫር ሚ?» እንቁላል አለው? መልሱ «ቫር» ከሆነ አለ፣ «ዮክ» ከሆነ የለም።
- «ታድና ባካቢሊር ሚዪም?» መቅመስ እችላለሁ?
- «ኪሎሱ ካች ሊራ?» ኪሎው ስንት ሊራ ነው?
- «ኢኪ ታኔ» ሁለት ፍሬ። «ዩዝ ግራም» መቶ ግራም።
- «ኢክራም» የሚለውን ሲሰሙ ቁራጩ በነጻ የቀረበ መስተንግዶ ነው ማለት ነው።

አንድ ቃል ለብቻው ማብራሪያ ይፈልጋል። «ፍስትክ» ሲባል አረንጓዴው ፒስታሺዮ ብቻ እንዳይመስልዎ። «አንቴፕ ፍስትዪ» ፒስታሺዮ ነው፣ «የር ፍስትዪ» የእኛው ለውዝ (ኦቾሎኒ) ነው። ዋልነት «ጄቪዝ»፣ ሃዘልነት «ፍንድክ» ይባላል። ዋጋቸው እጅግ ስለሚለያይ፣ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ፍስትክሊ» የሚል ቃል አይተው ከመደሰትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

መልሱ ካልገባዎ፦ ሻጩ እየሳቀ ራሱን ቢነቀንቅ ያንን እንደ መልስ አይውሰዱ። የተጻፈውን ቃል ያሳዩትና ጣቱን «ቫር» ወይም «ዮክ» ላይ እንዲያደርግ ይጠይቁት። ካልሆነ ሱቁን ይልቀቁ።

3. መንገዱን ያውጡ

በቀን ከሦስት ቦታ በላይ አይሂዱ፤ በሦስቱ መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራመዱ። ለዚህ የሚመቸው ቲ1 የሚባለው የትራም መስመር ነው። ከላሌሊ ተነሥቶ በቤያዚት፣ በሱልታንአህሜት፣ በሲርኬጂና በኤሚኖኑ አድርጎ የጋላታን ድልድይ ተሻግሮ ካራኮይ ይደርሳል። ኤሚኖኑ ላይ የቅመማ ቅመም ገበያው (ምስር ቻርሽስ) እና ሎኩም የተባለውን ከስኳርና ከስታርች የሚሠራ ለስላሳ ጣፋጭ የሚሸጡ አሮጌ ሱቆች አሉ፤ በ1777 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሃጂ በኪር ሱቅ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ካራኮይ ላይ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቅላቫ የሚሸጠው ጉሉኦሉ አለ። ድልድዩን በእግር መሻገር ለሆድዎም ለአፍዎም ዕረፍት ይሰጣል፤ ትራም ሳይዙ ይሻገሩት።

ባቅላቫ ከቀትር በፊት ወይም ቀትር ላይ፣ የወተት ጣፋጭ ከሰዓት በኋላ፣ ኩኔፌ የተባለው ባለ አይብ ጣፋጭ (ደረጃ 5) ማታ ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል የምመክረው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ባቅላቫ ላይ ኮሽታውን የሚሰሙት አፍዎ ገና ሳይሰላች ሲሆን፣ ትኩስ አይብ ያለበት ኩኔፌ ግን ቀድሞ ከተበላ የቀኑን ፍላጎት ሁሉ ይዘጋል።

ታላቁ ገበያ (ካፓልቻርሽ) እሑድ ዝግ መሆኑን ያስታውሱ።

4. ባቅላቫ ይቅመሱ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይስጡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

4.1 መስታወቱን ይመልከቱ። በጥሩ ቤት ዋጋው በኪሎ ተጽፎ ይታያል፣ ትሪው ከላይ ወርቃማ ከጎኑ ደረቅ ሆኖ ሽፋኖቹ ተለያይተው ይታያሉ። ከትሪው ሥር ሽሮፕ ተጠራቅሞ ከተኛ ወይም የላይኛው ሽፋን እርጥብ ሆኖ ከተጣበቀ የቆየ ወይም ከልክ በላይ የጠጣ ነው። ፒስታሺዮውን በጥንቃቄ ያስተውሉ። እውነተኛው ሲፈጭ አንድ ወጥ ቀለም የለውም፤ ደማቅ አረንጓዴው መሐል ፈዛዛውና ከልጣጩ የመጣ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይታያል። እንደ ቀለም የተነከረ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ዱቄት ካዩና ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከረከሰ፣ የአተር ዱቄት ሊሆን ስለሚችል ይለፉት።

4.2 በፍሬ ይዘዙ። «ፖርሲዮን» ካሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ይመጣል። «ኢኪ ታኔ» ይበሉ፤ አንዱ የፒስታሺዮ፣ ሌላው የዋልነት ይሁን። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ለሁለታችሁም ይበቃል። ከእሱ ጋር ስኳር ያልገባበት ሻይና ውሃ ይዘዙ። የቱርክ ሻይ ስኳሩ ለብቻ ስለሚቀርብ አለመጨመር ብቻ ይበቃል፤ ቡና ከሆነ «ሳዴ» ካላሉ ስኳር ተጨምሮበት ሊፈላ ይችላል። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው ይህን ምክር እንደሚጠላው አውቃለሁ፣ ሆኖም ባቅላቫና ጣፋጭ ሻይ አብረው ከተወሰዱ ሁለቱም ይጠፋሉ።

4.3 አበላሉን ያስተካክሉ። ሹካውን ከላይ ወደ ታች ይውጉ፤ አዲስ የተሠራ ባቅላቫ ኮሽ ይላል። ቁራጩን ገልብጠው፣ የታችኛው ወገን ላንቃዎን እንዲነካ አድርገው ይጉረሱ፤ ሽሮፑን የጠጣው ታችኛው ክፍል ስለሆነ ጣዕሙ ቀድሞ ይደርሳል። ቀስ ብለው ያኝኩና ቅቤውን ይፈልጉ፤ ጥሩ ባቅላቫ «ሳዴ ያ» በተባለ ንጥር ቅቤ ስለሚሠራ፣ በእኛ ንጥር ቅቤ ያደገ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ብዙ ትምህርት አያሻውም። ከዋጡ በኋላ ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ በላንቃ ላይ እንደ ሻማ የሚጋገር ቅባት የሚተው ከሆነ የሚገዙት ዓይነት አይደለም።

4.4 ይጻፉ። የሱቁን አካባቢ፣ የኪሎውን ዋጋና አንድ ዓረፍተ ነገር አስተያየት ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። በመጨረሻው ቀን የሚገዙት ከዚህ ዝርዝር ነው።

ስሞቹ ቢደናገሩ፦ «ሾቢየት» ውስጡ ክሬም አለው፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ለመንገድ አይሆንም። «ፍስትክ ሳርማ» ፒስታሺዮ የበዛበት ጥቅልል ነው፤ አንድ ፍሬ ለሁለት ሰው ይበቃል። «ሶዉክ ባቅላቫ» በቀዝቃዛ ወተት የሚቀርብ ሲሆን ስለ ኮሽታ የተባለው ሁሉ እሱን አይመለከትም። «ኩሩ ባቅላቫ» ሽሮፑ ቀንሶ ደረቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ይህን ስም ለደረጃ 8 ያስታውሱት።

ከሁለተኛው ቁራጭ በኋላ ቢያቅለሸልሽዎ፦ አይጨርሱት። ውሃ ይጠጡ፣ ቀሪውን በሳሕንዎ ይያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ለጤነኛ ሰው የሚሻለው መድኃኒት ጨዋማ ነገር፣ ለምሳሌ ጥቂት የወይራ ፍሬ ወይም የሲሚት ቁራሽ መብላት ነው።

5. የወተት ጣፋጮችና ኩኔፌ

«ሙሀሌቢጂ» የሚባሉት ቤቶች በወተት የሚሠሩ ቀዝቃዛ ጣፋጮችን ይሸጣሉ። በመጀመሪያ «ፍርን ሱትላች» የተባለውን፣ በሸክላ ጎድጓዳ ዕቃ ምድጃ ገብቶ ላዩ ጠቆር ያለ የሩዝ ጣፋጭ ይሞክሩ፤ ለጀማሪ አፍ የሚቀልል እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ታቩክ ጎሱ» የሚለው ስም ትርጉሙ የዶሮ ፍርንባ ነው፤ ስሙም እውነት ነው። ነጩ ጣፋጭ እንደ ክር በተሰነጠቀ የዶሮ ሥጋ የተሠራ ሲሆን ሥጋው በዓይንም በምላስም አይታወቅም። ሥሩ የተጠበሰው «ካዛንዲቢ» በጥንታዊ አሠራሩ ከዚሁ ስለሚወጣ እሱም ዶሮ ሊኖርበት ይችላል። ሥጋ የማይበሉ ወይም ሥጋና ጣፋጭን አንድ ላይ ማሰብ የሚከብድዎ ከሆነ «ታቩክ ቫር ሚ?» ብለው ሳይጠይቁ ማንኪያ አያንሡ።

ኩኔፌ በገልፍ አገሮች የኖሩ ሰዎች ኩናፋ ብለው የሚያውቁት ነው፤ በደቡብ ቱርክ ያለው የሃታይ አካባቢ ጣፋጭ ነው፣ በቀጭን ክር ሊጥ መካከል ጨው የሌለው አይብ ገብቶ በትንሽ የብረት ሳሕን ይጠበሳል። አንድ ለሁለት ይዘዙ። እንደታዘዘ የሚጠበስ ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በሁለት ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ የተሠራ መሆኑ አያጠራጥርም። ሲመጣ ፎቶ በማንሣት አይዘግዩ፤ አይቡ ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይሆናል። በላዩ የሚደረገው ካይማክ የሚባል ወፍራም ክሬም ዋጋ ይጨምራል፤ ካልፈለጉ «ካይማክስዝ» ይበሉ። ቀዝቅዞ ከቀረበልዎት አንድም ጉርሻ ሳይነኩ በትሕትና ይመልሱት። ግማሹን በልተው ቢያማርሩ ሰሚ አያገኙም።

6. በጾም ቀን

ለጾመኛ ኢስታንቡል ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ናት፤ ዋናው ችግር ስሞቹ ተመሳስለው ይዘታቸው መለያየቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እንዲህ ይያዙት።

ባቅላቫን ይተዉት። «በዘይት ነው የተሠራው» ቢባሉም አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 እ.ኤ.አ. ስሙን በመዘገበው የአንቴፕ (የጋዚያንቴፕ ከተማ) ባቅላቫ አሠራር ከፒስታሺዮው ጋር በወተትና በሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) የተበሰለ ክሬም ይገባል። ቅቤውን በዘይት የቀየረ ቤት ወተቱን ላይቀይር ይችላል። በግልጽ «ቬጋን» ተብሎ የተጻፈበት ሲያገኙ ብቻ ይግዙ።

ታሂን ሄልቫን ይያዙ። ከታሂን፣ ማለትም ከተፈጨ ሰሊጥ፣ እና ከስኳር የሚሠራ፣ ሲቆረጥ የሚፈረፈር ጣፋጭ ነው፤ ለጾም የመጀመሪያው ምርጫዬ ይህ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ሄልቫ» የሚለው ቃል ለብቻው ሲነገር ነው፤ «ኡን ሄልቫሲ» የዱቄት፣ «ኢርሚክ ሄልቫሲ» የሰሞሊና ሲሆኑ ሁለቱም በቅቤ ይቁላላሉ። «ታሂን» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ አይቀበሉ፤ ቸኮላት ወይም «ሱትሉ» (ባለ ወተት) የሚል የተጻፈበትንም ይለፉ።

ካባክ ታትሊሲን ይሞክሩ። ዱባ በስኳር በስሎ ታሂንና ዋልነት ፈሶበት ይቀርባል። ዱባ ወጥ የለመደ ሰው ሲያየው ይገረማል። አንዳንድ ቤት ካይማክ ስለሚጨምር አስቀድመው «ካይማክስዝ» ይበሉ።

አሹሬን ሲያዝዙ ይጠይቁ። ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላ ዘርና ከደረቅ ፍራፍሬ የሚሠራ ነው፤ በተለምዶ ወተት የለውም፣ ይሁን እንጂ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ።

ሎክማን ከሰልፉ ያግኙ። በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ የሚነከር ትንንሽ ኳስ ነው፤ በዐረብ አገር ለጊማት የሚባለውን ይመስላል። መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ሰው ተሰልፎ ካዩ የሞተ ዘመድን ለማሰብ በነጻ የሚታደል ሊሆን ይችላል፤ እንደ ተዝካር ይቁጠሩትና ተሰልፈው ይቀበሉ፣ ገንዘብ አያውጡ፣ ለሟቹ ምሕረት ይመኙ። ሊጡ ወተት እንዳለው መጠየቅ ግን አይዘንጉ።

ከእነዚህ ሌላ በወይን ሽሮፕ የተነከረው የዋልነት ዘንግ «ጄቪዝሊ ሱጁክ» ለጾም ይሆናል። «ሱጁክ» ቋሊማ ማለት በመሆኑ ስሙ ያስደነግጣል፤ ቅርጹ ስለሚመስል የተሰጠው ስም እንጂ ሥጋ የለበትም።

በቱርክ የብርድ ወራት ከላሌሊ ብዙም ወደማይርቀው ቬፋ ሠፈር ይሂዱ። ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የቦዛ ቤት አለ። ቦዛ ከእህል የሚፈላ ወፍራም መጠጥ ነው፤ ቀረፋ ተነስንሶበት፣ የሽምብራ ቆሎ ተደርጎበት በማንኪያ ይበላል። ቦርዴ የሚያውቅ ሰው ጠረኑን ወዲያው ይለየዋል። የመፍላቱ ነገር መጠነኛ አልኮል ሊያስከትል ስለሚችል ከአልኮል የሚቆጠቡ ሰዎች ይህን ያስቡበት።

ሳያውቁ ቢገድፉ፦ ጉዳዩ የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ነው። ከሻጩ ጋር አይጨቃጨቁ፤ የጣፋጩን ስም ብቻ ይጻፉና ቀጣዩን ተጓዥ ያስጠንቅቁ።

7. ሎኩም ሲገዙ

ሎኩም ከስኳርና ከስታርች ስለሚሠራ ለጾምም ለመንገድም ይመቻል፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በቅመማ ቅመም ገበያው በር ላይ ቁራጭ ይዘው የሚጠሩዎ ሻጮች ስምንት ዓይነት ያቀምሱና ይሉኝታ ያስይዙዎታል። እኔ ራሴ በይሉኝታ ሦስት ኪሎ ገዝቼ ወጥቻለሁ። መቅመስ የመግዛት ግዴታ አያመጣም፤ «ቴሼኩር ኤዴሪም» ብለው አመስግነው መውጣት እንደ ነውር አይቆጠርም። ከሁለት በላይ አይቅመሱ፣ ያ ብቻ ይበቃል።

1. ዋጋው በኪሎ ይሁን በመቶ ግራም አስቀድመው ያረጋግጡ። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመቶ ግራም ነው።
2. በጣት ተጭነው ይፈትኑ። ጥሩው ይሰምጥና ተመልሶ ይነሣል፤ ጥርስ ላይ እንደ ሙጫ አይጣበቅም።
3. ሲመዘን ሚዛኑን ይመልከቱ። ባዶው ሳጥን ተቀናሽ ይሁን፤ «ዳራ» ብለው ወደ ሳጥኑ ያመልክቱ።
4. ሻጩ ሳይጠየቅ መሙላት ከጀመረ እጅዎን አንሥተው «ታማም» (በቃ) ይበሉ። አንድ ሳጥን በሚያሻዎት ልክ ብቻ ይሞላ።

ክፍያው ከተነገረዎ በላይ ከሆነ፦ ካርድዎን ሳያስገቡ በፊት ደረሰኙን ይጠይቁና ኪሎውን በስልክዎ ያባዙ። ልዩነት ካለ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ይውጡ፤ ከከፈሉ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው።

8. ወደ ቤት ሲወስዱ

የሚገዙት በሚበሩበት ቀን ወይም ከዋዜማው ማታ ይሁን። ለመንገድ ኩሩ ባቅላቫ፣ ሎኩም፣ ታሂን ሄልቫና በስኳር የተቀቀለ ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ (ኬስታኔ ሼኬሪ) ይመረጣሉ። ክሬም ያለበትን ማንኛውንም ነገር አይግዙ። ባቅላቫውን በቆርቆሮ ሳጥን አሳሽገው በእጅ ሻንጣ፣ ጠፍጣፋ አድርገው ይያዙ፤ ሳጥኑ ከዘመመ ሽሮፑ ወደ አንድ ጥግ ይፈስና ግማሹ ይደርቃል፣ ግማሹ ይርሳል። በብልቃጥ ያለ ታሂን፣ የፒስታሺዮ ክሬም፣ ማርና ማርማላታ በኤርፖርት ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ።

ቤት ሲደርሱ ባቅላቫውን ፍሪጅ ውስጥ አይክተቱ፤ ቅቤው ይረጋል፣ ሽፋኑ ይለሰልሳል። ቀዝቃዛ ቦታ ተከድኖ እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሎኩምም ፍሪጅ አይወድም፤ እርጥበት ሲያገኘው ዱቄቱን ጠጥቶ ይላቆጣል።

አንዱ ዘመድ ሳያውቅ ፍሪጅ ቢያስገባው፦ አውጥተው አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ያቆዩት። አሁንም ከለሰለሰ በዝቅተኛ ሙቀት ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ያሙቁትና ሳይከድኑ እስኪበርድ ይተዉት፤ ኮሽታው የሚመለሰው ሲበርድ ነው። ሽታው የቆየ ቅቤ ከሆነ ግን ለማንም ሳያቀርቡ ይጣሉት። ለጾመኛ ያመጡትን ሳጥን ደግሞ ሲለያዩት «የጾም» ብለው በላዩ ይጻፉበት፤ የእንግዳ ሰዓት ሲደርስ ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ።